የማርፋ እናትና የዘይቱ ድርሻ

የማርፋ ኢቮን እናት የሞተችው የወንዙ በረዶ ሊሰበር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ያ ወቅት መጥፎ ነው። በረዶው ሳስቶ በላዩ መሄድ ያስፈራል፤ ውሃው ገና አልተከፈተምና ጀልባ አይወርድም፤ መንደሩ ሁሉ ባለበት ተቆልፎ ይቀመጣል። ቄሱ ከአላስካዋ ከተማ ከቤቴል መምጣት ስላልቻሉ ሰዎቹ የሚያውቁትን ጸሎት እየደጋገሙ ራሳቸው ቀበሯት። ወንዶቹ በብርድ የደረቀውን መሬት በእሳት እያለሰለሱ ሲቆፍሩ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሬሳው ቢነዳው፣ ማርፋ እንባዋን ሳትጠርግ፣ "እማዬ ቆማ ቢሆን ይሄን ነፋስ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር" አለች። እውነቷን ነው። ሟቿ አርናቹዋቅ አጭር፣ ቁጡ፣ ሳቋ ወንዝ የሚሻገር ሴት ነበረች። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደጅ ወጥታ እንደ ሰው ትሰድበው ነበር።

በረዶው ተሰብሮ ወንዙ ሲከፈት፣ ጎረቤታቸው ኤፊ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ልጅ። ለጤና ጣቢያው መዝገብ ትሪና አሏት። አሮጊቶቹ ግን ተሰብስበው፣ ጣታቸውን ውሃ ነክረው ከንፈሯ ላይ አንጠባጠቡና "አርናቹዋቅ፣ እንኳን ተመለስሽ" አሏት። ማርፋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሕፃኗን አቀበሏት። አቅፋ ወደ መስኮቱ ወሰደቻትና በብርሃን ስታያት ቆየች።

"እማዬ" አለቻት በመጨረሻ። "ምነው ቆየሽብኝ?"

ይህን ለማጽናኛ ያህል የሚባል አድርጎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ማደሪያ ይፈልጋል። ስሙ ያረፈበት ሕፃን ያው የሞተው ሰው ነው፤ የሟች ባል ባሉ ነው፣ የሟች ልጅ ልጁ ነው። ስለዚህ ማርፋ ወደ ሃምሳ በተጠጋችበት ዕድሜዋ እንደገና እናት አገኘች።

ትሪና አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ነገሩ መንደሩን ሲያስቅ ኖረ። አራት ዓመት ሲሆናት ዓሣ እየተበለተ ካለበት ቦታ ትደርስና፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ልጄ! ራበኝ!" ትላለች። ማርፋም "እሺ እማዬ" ብላ ቢላዋዋን አስቀምጣ ትነሳለች። የመንደሩ ምክር ቤት ጸሐፊ ዋስካ በዚያ ካለፈ አይለቃቸውም።

"አክስቴ ማርፋ፣ እናትሽ ዛሬም ሱሪዋን ገልብጣ ነው የለበሰችው።"

"ድሮም እንዲህ ናት። አንተ ይልቅ የራስህን ቁልፍ ቆልፍ።"

ማርፋ ኤፊን "አያቴ" ብላ ስትጠራት ደግሞ ኤፊ መጥረጊያ ይዛ ታባርራት ነበር። "ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ አታስረጂኝ!" እያለች። እንዲህ እየተሳሳቁ ዓመታት ሄዱ። ትሪና ቁመቷ አጥሮ፣ ቁጣዋ በዝቶ አደገች። ነፋስ ግን ትወድ ነበር። ማርፋ ይኼኛው ነገር ሲገርማት ኖሯል፤ "ከሞት መልስ ያመጣችው አመል ነው" ትል ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የትሪና ደም ታመመ። መጀመሪያ ድካም ነበር፤ ከዚያ ሳትመታ ገላዋ ይበልዝ ጀመር። ከቤቴል ወደ አንኮሬጅ፣ ከአንኮሬጅ ወደ ሲያትል ላኳት። ሐኪሞቹ ሕክምናው ወራት እንደሚፈጅና አብሯት የሚኖር አስታማሚ እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ኤፊ ጡት የሚጠባ ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዱን ልጅ እያጠባች ለሌላው ታለቅሳለች። ማርፋ ሻንጣዋን ይዛ ገባች።

"አያቴ፣ አታልቅሺ። እናቴን እኔ አስታምማታለሁ።"

በዚያን ቀን ኤፊ ስለ ስሙ አልተቆጣችም።

ማርፋ ከዚያ በፊት ከአላስካ ወጥታ አታውቅም። በሲያትል ከሁሉ የጠላችው ዛፉን ነው። በእኛ ሜዳ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ይታያል፤ አየሩ ምን እንዳሰበም ይታያል። እዚያ ግን ዛፍና ፎቅ ሰማዩን ጨርሰውታል። በሆስፒታሉ አጠገብ የሰጧቸው ክፍል ውስጥ የደረቀ ዓሣ ከአገር አስልካ ስትበላ ጎረቤቶቹ ሽታው ኮሪደሩን ሞላ ብለው ከሰሷት። መስኮት ከፍታ መብላት ጀመረች። ትሪና ጸጉሯ ሲረግፍ ማርፋ ከትራሱ ላይ ለቀመችው። ወንዛችን ላይ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ሲወጣ፣ የማርፋ የዓሣ ማጠኛ ጎጆ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶውን ከረመ።

አንዳንድ ቀን ትሪና ከሕመሙ ብዛት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞርና፣ "ልጄ፣ ወደ አገርሽ ሂጂ። ለምን እዚህ ትበሰብሻለሽ?" ትላታለች።

"አንድ ጊዜ ጥለሽኝ ሄደሻል። አሁን ዓይኔን ከአንቺ ላይ አላነሳም።"

ከክረምቱ አጋማሽ አንሥቶ የሚቀጥለው በረዶ እስኪጥል እዚያው ከረሙ። ደሟ ጠራ ተባለ፤ በየወሩ ግን ቤቴል እየሄደች መመርመር አለባት። በትንሿ አውሮፕላን ሆነው ሜዳውን ሲያዩ ማርፋ ፊቷን በስካርፏ ሸፈነች።

እንግዲህ የድርሻው ነገር ከዚህ ይመጣል። ከሰሜን ከመሬት ከሚወጣው የነዳጅ ዘይት ለአላስካ ነዋሪ ሁሉ በየዓመቱ የሚካፈል ገንዘብ አለ፤ ዛሬ ለተወለደውም ለሽማግሌውም እኩል ነው። በእኛ መንደር "ድርሻ" እንለዋለን። በጥቅምት ይገባል። በዚያ ሰሞን አንዱ የጀልባ ሞተር ያዛል፣ አንዱ ቴሌቪዥን፣ አንዱ ላስ ቬጋስ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። የማርፋ ድርሻ ግን ወንዙ ሳይዘጋ ቤት ማሞቂያ ናፍጣ ሆኖ በርሜሏ ውስጥ ይገባል። ክረምቷ እሱ ነው። ከግማሽ ዓመት በላይ ከአላስካ ውጭ የከረመ ሰው ደግሞ ድርሻውን ያጣል፤ እንዳያጣ የወጣበት ምክንያት ሕጉ ውስጥ መኖር አለበት። ትምህርት፣ ውትድርና፣ የገዛ ራሱ ሕመም፤ ደግሞም እናት አባቱን፣ ባል ሚስቱን፣ ልጁን ወይም ወንድም እህቱን ለማስታመም።

ማመልከቻውን ለአሮጊቶቹ የሚሞላላቸው ዋስካ ነው። ምክር ቤቱ ቢሮ ውስጥ ሻይ አስቀምጦ እየጠየቀ ይጽፋል።

"አክስቴ፣ ዓምና ከአገር ወጥተሽ ነበር?"

ቅንድቧን ከፍ አደረገች። በእኛ ዘንድ አዎን ማለት ይኸው ነው።

"ለምን?"

"ሰክረህ ነው እንዴ? እናቴን ላስታምም ነዋ።"

"ይጠየቃል ብዬ ነው እንጂ መቼ ጠፋኝ" አለና "እናት" ብሎ ጻፈ። አርናቹዋቅን በቀበሩ ጊዜ እሳቱን ካነደዱት አንዱ ዋስካ ነው። ግን ሲጽፍ እጁ አልቆመም፤ እሷም ስትናገር ምላሷ አልተደናቀፈም። ሁለቱም ያዩት ትሪናን ነበር፤ ሁለቱም የሚያውቁት አንድ እናቷን ነው።

ሳልመን መውጣት ሲጀምር ደብዳቤው መጣ። ዋስካ ለማርፋ ሊያነብላት ዓሣ ከምትበልትበት ወንዝ ዳር ወረደ። ሲጀምር ፈገግ ብሎ ነበር፤ ወደ ታች ሲወርድ ፈገግታው ጠፋ። እናትዎ ከሃያ ዓመት በፊት መሞታቸው በመዝገብ ይታወቃል፤ የሞተ ሰው አስታመምኩ ብለው ሐሰት አመልክተዋል፤ የዘንድሮው ድርሻ ተከልክሏል፤ ሆን ብለው ማታለልዎ ከጸና የቀጣዮቹንም አምስት ዓመታት ያጣሉ፤ ይግባኝ የማለት መብት አለዎት።

"አምስት ክረምት" አለች ማርፋ።

"የእኔ ጥፋት ነው። ያንን ቃል የጻፈው እጄ ነው።"

"ታዲያ ምን ብለህ ልትጽፍ ኖሯል?"

ዋስካ ደብዳቤውን መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተው።

ወሬው ሱቁም ደረሰ። አንዱ ሥራ ፈት ማርፋ ዱቄት ልትገዛ ስትገባ ጠብቆ፣ "እናትሽ ከመቃብር ተነሥታ ሲያትል ሄደች አሉ! የአውሮፕላኑን ቲኬት ማን ቆረጠላት?" ብሎ ሰው አሳቀ።

ማርፋ ዱቄቷን አነሣች። "አጎትህ በየክረምቱ አሪዞና ፀሐይ ሲሞቅ ከርሞ፣ ግማሽ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው እየበረረ ይመጣል። ድርሻውን አላስቀሩበትም። እናቱን ግን መች ጠየቃት?" አለችው። አሁን የሳቁት በእሱ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም።

ዋስካ ቤቴል ወዳሉት፣ ለድሃ በነጻ ጥብቅና ወደሚቆሙት ሰዎች ስልክ ደወለና መልሱን ይዞ መጣ። የዘንድሮው ድርሻ ሄዷል፤ የጎረቤት ልጅ ሕጉ ውስጥ የለችም። አምስቱን ዓመት ማዳን ግን ቀላል ነው። ይግባኙ በስልክ ሲሰማ ማርፋ "ልጅቷ እናቴ አይደለችም፤ ያልኩት በስሕተት ነው" ትበል። በቃ። ከዚያ ማታለል መሆኑ ይቀራል።

"አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ አክስቴ።"

"እሷን አንዷን ነው እኮ የማልችላት" አለች ማርፋ።

ትሪና ይህን ስትሰማ ተንደርድራ መጣች። ጸጉሯ ገና አጭር ነው፣ እንደ ጫጩት ላባ። ማርፋ ግማሽ ጨረቃ በመሰለችው ቢላዋዋ ዓሣ እየሰነጠቀች ነበር፤ ትሪናም ሌላ ቢላዋ አንሥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ በያቸውና ይለፍልሽ።"

"ምን ብዬ?"

"የኤፊ ልጅ ናት፣ እናቴ አይደለችም ብለሽ። ስልክ ነው እኮ። ሰውየውን በዓይንሽ እንኳ አታይውም።"

"እሱ ባያይ፣ የተሸከምሽው ስም አይሰማኝም?"

"እኔ አልቀየምሽም።"

"አንቺ ላትቀየሚኝ ትችያለሽ። እሷስ?"

"እሷ እኔ ከሆንኩ፣ እኔ ካልተቀየምኩ እሷም አልተቀየመችም።"

ማርፋ ሳቋ አመለጣት። "ድሮም እንዲህ ነሽ። ነገር መጠምዘዝ ማን ብሎሽ!" ከዚያ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠችና የልጅነቷን ጊዜ አስታወሰች። በዚያን ጊዜ ከላይኛው መንደር የመጣ አንድ እንጀራ አባት ነበር። የሚስቱን ልጅ በስሙ አትጥሩት፣ የሞተ ሰው በቤቴ አይጠራም ብሎ ከለከለ። ልጁ ደህና ነበር፤ ሲሮጥ ሲጫወት ታየው ነበር። የዚያኑ ክረምት እንደ ሻማ ቀለጠ። አሮጊቶቹ "ያልተወደደ ስም እንግድነት አይቀመጥም" አሉ። ማርፋ ያንን ልጅ አልረሳችውም።

"የደምሽ ነገር ገና አልለየለትም" አለቻት። "በየወሩ በመርፌ እየፈለጉት ነው። በዚህ መሐል 'አይደለሽም' ብዬሽ፣ ሰምታ ብትሄድብኝስ? አንቺንም ይዛሽ ብትሄድስ?"

"እና አምስት ክረምት ልትቀዘቅዢ ነው? ስለ እኔ?"

"እቀዘቅዛለሁ። ብርድ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እኔ እለዋለሁ።"

"ከአፍሽ እንዳይወጣ!" ማርፋ በልጅቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። ከላይ ዓሣ ሊሰርቁ ያንዣበቡት ወፎች እንኳ ሸሹ። ትሪና የዓሣውን ደም ከእጇ በወንዙ ውሃ አጥባ ሄደች።

ይግባኙ የተሰማው በዝናብ ቀን ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ለዱር ፍሬ ለቀማ ሜዳ ወርደው ነበር። ምክር ቤቱ ቢሮ ውስጥ ማርፋ፣ ዋስካና ትሪና በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ኤፊ አልመጣችም፤ "እኔ እዚያ ገብቼ 'ልጄ ናት' ብል ማርፋን እወጋታለሁ፤ ዝም ብል ራሴን" ብላ ሕፃኗን ታቅፋ ቀረች። ዋስካ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ መሐል ላይ አስቀመጠው። የይግባኝ ሰሚው ድምፅ የደከመ ግን ጨዋ ሰው ድምፅ ነበር።

"ወይዘሮ ኢቮን፣ እውነቱን ብቻ ለመናገር ቃል ይገባሉ?"

ማርፋ ቅንድቧን አነሣች።

"ወይዘሮ ኢቮን? አሉ?"

ይበልጥ ከፍ አደረገችው።

"ጌታዬ፣ አዎ እያለችዎት ነው" አለ ዋስካ። "እንዲያውም አዎ አዎ እያለች ነው።"

"በድምፅ ይበሉልኝ እባክዎ። ይቀረጻል።"

"አዎ" አለች ማርፋ ለስልኩ ጎንበስ ብላ፣ ደንቆሮ እንደምታናግር ጮክ ብላ።

"ሲያትል የከረሙት ማንን ለማስታመም ነው?"

"እናቴን።"

"እናትዎ አርፈዋል?"

"አርፋለች። ራሴ ቀብሬያታለሁ።"

"ታዲያ ሲያትል የነበሩት ማን ናቸው?"

"እናቴ ናት አልኩህ እኮ፣ ልጄ።"

ዋስካ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ሰውየው ሳይቆጣ እንደገና ጀመረ።

"በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ያለችው፣ ያስታመሟት ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ሃያ ሞላት።"

"የእርስዎስ?"

"ስልሳ ስምንት።"

"እንግዲህ ወይዘሮ ኢቮን፣ የሃያ ዓመት ልጅ የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት እንዴት ትወልዳለች?"

"ስትወልደኝ ሃያ አልነበረችም።"

ከስልኩ ውስጥ እንደ ሳል ያለ ነገር ተሰማ። ምናልባት ሳቅ ነበር። ከዚያ ማርፋ የስሙን ነገር፣ የአሮጊቶቹን ውሃ፣ በመስኮቱ ብርሃን ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ሰውየው ሳያቋርጥ ሰማ። የሚጽፍበት ብዕር ድምፅ ይሰማ ነበር።

"ገብቶኛል" አለ። "ይህ ልማዳችሁ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን የምወስነው በሕጉ ቃል ነው። ሆን ብለው አላታለሉም ለማለት፣ በሕጉ ዓይን ልጅቷ እናትዎ እንዳልሆነች ማወቅዎን መስማት አለብኝ። እንዲህ ብለው ብቻ ይመልሱልኝ፦ እናትዎ አይደለችም። 'እናት' ያሉት በስሕተት ነው።"

ዋስካ በጠረጴዛው በኩል "በይ፣ በይ" እያለ በእጁ ይለምናታል። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ማርፋ ዝም አለች። በእኛ ዘንድ ሰው ሲያስብ ዝም ይላል፤ የሚጠብቀውም ዝም ይላል፤ ነውር የለውም። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ግን መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ?" አለ። ደግሞ "ሃሎ?"

"አለሁ" አለች ማርፋ። "አልተሳሳትኩም።"

"ወይዘሮ ኢቮን፣ ይህን ሲሉ ምን እንደሚያጡ ተነግሮዎታል?"

"ተነግሮኛል።"

"እኔ ልናገር" አለች ትሪና።

ማርፋ ዞረች። ትሪና ወደ ስልኩ ተጠግታ ነበር፤ ጉንጯ ቀልቷል። ሰውየው ቃል አስገባትና ስሟን ጠየቃት።

"ትሪና ኒክ። የኤፊ ኒክ ልጅ ነኝ።"

"ለወይዘሮ ኢቮን ምናቸው ነዎት?"

ትሪና ቀና ብላ ማርፋን አየቻት። ማርፋ አፍንጫዋን አኮማተረች። ይኸም በእኛ ዘንድ አይሆንም፣ ተይ ማለት ነው። ስልኩ አላየም። ትሪና አይታለች።

"ጎረቤቷ ነኝ" አለች። "እናቷ አይደለሁም። እናቴ የምትለኝ የሟች እናቷን ስም ስለያዝኩ ነው። ለማታለል አይደለም። እናቷ አይደለሁም።"

ሁለት ጊዜ ባትለው ምን ነበረበት? ማርፋ በኋላ ሁሌም ያን ታስብ ነበር። አንዱ ይበቃ ነበር።

ይግባኝ ሰሚው አመሰገነ፤ ውሳኔው በጽሑፍ እንደሚደርስ ተናገረ፤ ስልኩ ተዘጋ። ዋስካ አየር ሳብ አድርጎ "ተረፍሽ፣ አክስቴ" ሲል ማርፋ ተነሥታ ወጥታ ነበር። ካፖርቷ ወንበሩ ላይ ቀረ። ትሪና ካፖርቱን ይዛ በዝናቡ ተከተለቻት፤ የእንጨቱ መንገድ ያንሸራትታል።

"ልጄ!"

ማርፋ አልዞረችም።

"ልጄ፣ ልበሺ እንጂ! በብርድ እንዳትሞቺ ብዬ ነው!"

ማርፋ ቆመች። ካፖርቷን ተቀበለች። "እግዜር ይስጥሽ፣ ትሪና" አለች።

በሃያ ዓመት ውስጥ በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም ነበር። ልጅቷ እዚያው በዝናቡ ውስጥ እንደተመታ ሰው ቀረች።

ውሳኔው የመጣው ዝይዎቹ ወደ ደቡብ ሲያልፉ ነው። ዋስካ አነበበው። የዘንድሮው ድርሻ እንደተከለከለ ይቀራል፤ ማታለል ግን አልተገኘም፤ መጪዎቹ ዓመታት አልተነኩም። ዋስካ ወረቀቱን እያወዛወዘ "አሸነፍን!" አለ። ማርፋ "ማንን?" ብላ ጠየቀችው። ቀልድ አልመሰለውምና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በዚያ መከር ማርፋ ትሪናን የምትጠራበት ስም አጣች። "እማዬ" እንዳትላት፣ ልጅቷ አይደለሁም ብላለች። "ትሪና" እንዳትላት፣ አንድ ጊዜ ብላት ፊቷን አይታለች። ስለዚህ ሲገናኙ "መጣሽ?" "ሄድሽ?" ብቻ ሆነ። የየወሩን ምርመራ ከኤፊ ትሰማ ነበር። በጥቅምት ደህና ነው ተባለ። በኅዳር አንድ ነገር ዝቅ ብሏል፣ ይደገም ተባለ። ማርፋ ያን ቀን ወደ መቃብሩ ሄዳ፣ በረዶውን ከመስቀሉ ላይ በእጇ ጠረገችና፣ "እዚህ ነሽ ወይስ እዚያ?" አለች። ነፋስ ብቻ ነበር። ሲደገም ደህና ሆነ ተባለ፤ ማርፋ ግን ያ ዝቅታ የስሙ እግር ለመውጣት የተነሣበት መስሏት እንቅልፍ አልወስዳት አለ።

በርሜሏ ባዶ ስለነበረ የኤፊ ባል ከወንዙ ዳር የተለቀመ እንጨት በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር እየጎተተ ያመጣላት ነበር። እንጨት ቶሎ ያልቃል። ውሃ ባልዲው ውስጥ በረዶ ይሠራል። ማርፋ በሚመጣው ዓመት ናፍጣ እንደሚኖራት ታውቃለች፤ ስለዚያ ማሰብ ግን ይከብዳት ነበር። ያ ሙቀት በምን ቃል እንደተገዛ ጆሮዋ ሰምቷል።

ገና ደረሰ። በእኛ መንደር የገና ሰሞን ያጌጠ ትልቅ ኮከብ ይዘን እየዘመርን ቤት ለቤት እንዞራለን፤ እያንዳንዱ ቤት ሰዉን ሁሉ ያበላል። ወደ ማርፋ ቤት ስንገባ የሰዉ ትንፋሽ እንደ ጢስ ይታይ ነበር፤ ካፖርት ያወለቀ የለም። ጠረጴዛው ላይ የትልቅ አጋዘን ሥጋ ሾርባና፣ ሰው የላከላት ፍሬ በስብ ተደባልቆ የተመታበት አኩታክ ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ በሉ። ማርፋ አንድ ሳህን አኩታክ ለብቻው ሞልታ አስቀምጣ ነበር። ለሟች የሚወጣው ነው። ስሙን የተሸከመ ሰው ካለ ለእሱ ይሰጣል፤ ከሌለ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ቁንጥር ተደርጎ ይጣላል።

ሳህኑን አንሥታ ቆመች። ምድጃው በቀኟ ነው። ትሪና ከኤፊ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ቆማለች። ሳህኑ ወደ እሳቱ ነው ወደ ልጅቷ ብሎ ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል።

"አክስቴ፣ ይቀልጥብሻል" አለ ዋስካ ቀስ ብሎ።

"በዚህ ቤት?" አለች ማርፋ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቆመች። ከዚያ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ በሩ መጣችና ሳህኑን ለትሪና ዘረጋችላት።

"እማዬ ካንቺ ዘንድ ካለች፣ ትብላ።"

ትሪና ሳህኑን አልነካችም። "ከሌለችስ?"

"ከሌለች አንቺ ብዪ። ከስተሻል።"

ልጅቷ ተቀበለች። ቆማ እስከ ታች በላችው። ማርፋ ፊት ለፊቷ ቆማ እያንዳንዱን ጉርሻ ተከተለች፤ የሚያኝከው አፍ የማን እንደሆነ የምታይ ይመስል። ስትጨርስ ትሪና ሳህኑን መለሰችላት። አፏን ከፈተች፤ ጠበቅናት። ልጄ አላለቻትም። አመሰግናለሁም አላለች። ኮከቡን የያዘው ሰው በሩን ከፈተና ወደሚቀጥለው ቤት መውጣት ጀመርን። ትሪና ከሁላችን ኋላ ቀርታ፣ የማርፋን እንጨት ከደጅ አቅፋ አስገባችና፣ ምድጃው ፊት ተንበርክካ ማቀጣጠል ጀመረች።